ሁለተኛው ባልዲ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ላቫጆ ተሰልፌ ነበር። ላቫጆ ስል ያው የምታውቁትን ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ሮቶ ውሃ፣ አንድ የሚጮህ ፓምፕ፣ አራት አምስት ልጆች፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ባለቤት፣ ከጎኑ ደግሞ ቡና የምታፈላ ልጅ። የእኔዋ መኪና፣ ዕድሜዋ ባይነሳባት የምትመርጥ ዲኤክስ፣ ሁለተኛ ተራ ላይ ናት። ከፊቴ አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አለ። ጥቁር ነው፤ ፊትህን ታይበታለህ። ባለቤቱ ስኒውን ይዞ እንደ ሙሽራ ሚዜ ዙሪያውን ይዞረዋል።

እናላችሁ፣ ልጁ መኪናውን አጥቦ፣ ወልውሎ ጨረሰ። ፀሐይዋ ከደመና ወጣ ስትል ሰውየው ኮፈኑ ላይ ጎንበስ አለ። ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ አለ።

"ምንድነው ይሄ? ና እስቲ ወዲህ! ምንድነው ያደረግከው?"

ልጁ መጣ። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ፀሐይዋ ያረፈችበት ቦታ ዙሪያውን እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ቀጫጭን ጭረት ይታያል።

"ጋሼ፣ እኔ በጨርቅ ብቻ ነው የወለወልኩት። ሌላ ነገር አልነካሁም።"

"አርባ አምስት ሺህ ብር ነው የከፈልኩበት! ሴራሚክ ነው! አልማዝ እንኳ አይጭረውም ተብሎ የተሰጠኝን አንተ ጫርክልኝ?"

ነገሩን ልብ በሉልኝ። አልማዝ ያልጫረውን ነገር አሮጌ ጨርቅ እንዴት ጫረው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። የላቫጆው ባለቤት ተነሳና ሰውየውን ይቅርታ ጠየቀ፤ ሒሳቡንም ተወለት። ልጁን ደግሞ "ቦቱን አውልቅና ሂድ" አለው። ልጁ የጎማ ቦቱን አወለቀ። በባዶ እግሩ ወደ ሮቶው ሄዶ ነጠላ ጫማውን ፈለገ፣ አደረገ፣ ወጣ። አንድ ሌላ ልጅ ያንኑ ጨርቅ ከዚያው ባልዲ ውስጥ አንስቶ "ቀጣይ!" አለ። ቀጣዩ እኔ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ጥብቅና ለመቆም ነው። ዘግይቻለሁ፤ አውቃለሁ። ጠበቃ መሆን የነበረብኝ ቅዳሜ ዕለት ነበር። ያን ዕለት ግን ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አፍ የለውም።

እንግዲህ ክሱን እንመርምረው። "መኪናውን ማን ጫረው?" ነው ጥያቄው። ይህን ለመመለስ መጀመሪያ የተጫረው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ዕድሜውን በሙሉ ቀለም ሲረጭ የኖረ የሰፈራችን ሽማግሌ አለ፤ ጠየቅኩት፣ የሚነበበውንም አነበብኩ።

የዘመኑ መኪና ቀለም አንድ ነገር አይደለም፤ ድርብርብ ነው። ላሜራው ላይ ዝገት መከላከያ አለ፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ራሱ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም አልባ የሆነ ግልጽ ሽፋን። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ግድም ይሆናል። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው። የላይኛው ግልጽ ሽፋን ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንዲት የራስ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ትወፍራለች። መኪናው ሚሊዮኖች ቢያወጣም የሚያብረቀርቀው ነገሩ ከፀጉር የቀጠነ ነው ማለት ነው።

ይህ ስስ ሽፋን ደግሞ ጠላቱ ብዙ ነው። አንደኛው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በየ1,000 ሜትር ከፍታው አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የዋህ ትመስለናለች እንጂ ቀለሙን ቀስ በቀስ ትበላዋለች። ሁለተኛው የወፍ ኩስ ነው። አሲድነት ስላለው ፀሐይ ላይ ውሎ ካደረ ሽፋኑን ይበሳዋል። ሦስተኛው ከዛፍ ላይ የሚንጠባጠብ ሙጫ ነው። የጃካራንዳ ጥላ ሥር መኪና አቁሞ ሐምራዊ አበባ ተነስንሶበት ያገኘ ሰው ለጊዜው ደስ ይለዋል፤ አበባው ረጥቦ ሲጣበቅ ግን ደስታው ያበቃል። አራተኛው አቧራ ነው። ከተማችን ዘወትር በግንባታ ላይ ናት፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሲታከልበት ደግሞ የሲሚንቶው ብናኝ መኪናችን ላይ ቤት ሊሠራ ምንም አልቀረውም።

ሰም የሚቀባው እንግዲህ ለዚህ ነው። ለማብረቅረቅ አይደለም። ጉዳቱን ቀለሙ ፋንታ እሱ እንዲቀበለው ነው። ቀለሙ እንዳይበላ ሰሙ ይበላል፤ ሰሙ ሲያልቅ ሌላ ይቀባል። ማብረቅረቁ ምርቃት ነው። እኛ ግን ምርቃቱን ዋና አድርገን ዋናውን ረስተነዋል። ቅኔ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው "ሰምና ወርቅ" የሚለው አነጋገር ከአንጥረኛ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያፈሰዋል፣ በቦታው ወርቁን ይሞላል። ሰሙ የሚቀልጠው ለወርቁ ሲል ነው። እኛ ጋ ሰሙ ቀረና ወርቁ ቀለጠ።

አሁን ወደ ተከሳሾቹ እንሂድ። በእኔ ክስ ውስጥ ተከሳሾቹ ሦስት ናቸው፤ ልጁ የለበትም።

አንደኛው ተከሳሽ ሻጩ ነው። "አልማዝ አይጭረውም" የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከ"ናይን ኤች" ነው። ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን በማስታወቂያው ላይ 9ኤች የሚል ይለጠፍበታል። ገዢው ይህን ሲያይ አልማዝ 10 የሆነበትን፣ በትምህርት ቤት የተማረውን የማዕድናት ጥንካሬ ሚዛን ያስታውስና "እንግዲህ ከአልማዝ አንድ ብቻ ነው የሚያንሰው" ይላል። ሻጩም አያርመውም፤ ለምን ያርመዋል? 9ኤች ግን የእርሳስ ደረጃ ነው። አዎ፣ የምንጽፍበት እርሳስ! ለስላሳና ጥቁር የሚጽፈው ቢ፣ ጠንካራና ደብዛዛ የሚጽፈው ኤች የሚባለው፣ የሥዕል ተማሪዎች የሚያውቁት። ፈተናው የተለያየ ጥንካሬ ያለው እርሳስ ሽፋኑ ላይ እየተገፋ የትኛው እንደሚጭረው ማየት ነው። 9ኤች ማለት "በጣም ጠንካራው እርሳስ አልጫረውም" ማለት ነው፤ ከዚህ ያለፈ ትርጉም የለውም። አሸዋ ደግሞ እርሳስ አይደለም። ሽፋኑ ራሱ ከአንድና ከሁለት ማይክሮን እምብዛም አያልፍም። ጥቅም የለውም አላልኩም፤ ውሃና ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ ከሰም በብዙ እጥፍ ይቆያል። ጠጠር፣ አሸዋና ቆሻሻ ጨርቅ ግን አያቆምም። አርባ አምስት ሺህ ብር የተከፈለው ለእርሳስ ፈተና መሆኑን ሰውየው ቢያውቅ ኖሮ ቅዳሜ ዕለት የሚጮኸው ሌላ ቦታ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው።

የሻጩ ሁለተኛ ጥፋት "ፖሊሽ" በምትባል ቃል ውስጥ ተደብቋል። እኛ ጋ መኪና ላይ የሚቀባ ነገር ሁሉ ፖሊሽ ነው። "ፖሊሽ አድርግልኝ" ስንል የምንጠይቀውን አናውቀውም፤ የሚያደርግልንም አያውቀውም። ፖሊሽ በትክክለኛ ትርጉሙ ይፍቃል። በውስጡ ደቃቅ ሻካራ ነገር አለው፤ ጭረቱን የሚያጠፋው ዙሪያውን ያለውን ቀለም ወደ ጭረቱ ጥልቀት በማውረድ ነው። ሰም ግን ይጨምራል። አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው ይደርባል፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ወጪና ገቢን በአንድ ዓምድ እንደመጻፍ ነው። በዓመት አራት ጊዜ በማሽን ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው መኪናውን የተንከባከበ ይመስለዋል፤ ያቺን ከፀጉር የቀጠነች ሽፋን እያስፋቀ መሆኑን የሚነግረው የለም። ካለቀች በኋላ የሚመልሳት ሰም የለም። መፍትሔው እንደገና ማስቀባት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተከሳሽ ደላላውና መኪና ሻጩ ነው። አንድ ወዳጄ ከዓመታት በፊት ያገለገለ መኪና ገዛ። "አይተኸዋል አይደል? መስታወት እኮ ነው" እያለ ሰፈሩን ሁሉ አሳየ። ሦስተኛ እጥበቱ ላይ መስታወቱ ተገፈፈ። ሲሸጥለት ሲሊከን ያለበት ቅባት ተቀብቶ ኖሯል፤ ቅባቱ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፣ ለጥቂት ሳምንት ይሰውረዋል፣ ከዚያ በሳሙና ይወጣል። ከቅባቱ ሥር በሩ ላይ ጣት የሚያክል ስቱኮ ተገኘ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አምስት ብር የማይሞላ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቢያስጠጋ ኖሮ ይነግረው ነበር፤ ላሜራ ማግኔት ይይዛል፣ ወፍራም ስቱኮ አይዝም። እሱ ግን ያየው ብርሃኑን ነው። ውስጡን ለቄስ።

ሦስተኛው ተከሳሽ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔና እናንተ ነን።

አቧራ ምንድነው? አብዛኛው ደቃቅ አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ከየትኛውም የመኪና ሽፋን ይጠነክራል። ልጁ ጨርቁን አቧራ ባለበት መኪና ላይ ሲጎትት አሸዋውን አብሮ ይጎትታል። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ሲያጥበው አሸዋው ባልዲው ውስጥ ይቀራል፤ እንደገና ሲነክረው አብሮት ይወጣል። በዚያው ጨርቅ ቸርኬውን አጥቦ፣ ከፍሬን የወጣውን የብረት ብናኝ ይዞ ወደ ኮፈኑ ይመለሳል። ከእኔ በፊት ስንት መኪና፣ ከእኔ በኋላ ስንት መኪና! ሰውየው ያየው የሸረሪት ድር የተሠራው እንዲህ ነው። ሳሙናው ራሱ ለልብስ የተሠራ ዱቄት ነው፤ የልብስ ቅባት የሚያስለቅቅ ሳሙና የመኪናውን ሰም ይምራል ብላችሁ ታስባላችሁ? ከሥር ደግሞ "ናፍጣ ይረጭልኝ" እንላለን። ናፍጣ ሰምን ይፈታል፣ ላስቲክን ያበላሻል። ለአንድ ቀን ግን ያብረቀርቃል። ለዚህች አንድ ቀን ስንል ስንቱን ነገር እንሸጣለን!

መፍትሔው ምንድነው? ሁለተኛ ባልዲ ነው። አልቀለድኩም። አንዱ ባልዲ የሳሙና ውሃ፣ ሁለተኛው ንጹሕ ውሃ። ጨርቁ መኪናውን ከነካ በኋላ መጀመሪያ ንጹሑ ውሃ ውስጥ ተለቅልቆ አሸዋውን ይጥላል፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይመለሳል። ከላይ ወደ ታች ይታጠባል፤ ለቸርኬ የራሱ ጨርቅ ይኖረዋል። በዓለም ላይ መኪና መንከባከብን ሙያ ያደረጉ ሰዎች ትልቁ ምስጢራቸው ይኸው ነው። አንድ የፕላስቲክ ባልዲ! ለሴራሚክ አርባ አምስት ሺህ ብር ያወጣን ሰዎች ለአንድ ባልዲ የሚበቃ ጭማሪ ስንጠየቅ "ተወደደ" ብለን ሌላ ላቫጆ እንፈልጋለን። ባለቤቱም ይህንን ያውቃል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ አለዚያም በቦቴ ይገዛል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለፍጥነት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ባልዲ አይገዛም። ልጁ በአንድ ባልዲ እንዲያጥብ ይደረጋል፤ ሲጭር ደግሞ ይባረራል። በአንድ ባልዲ እንዲያጥብ የፈረድንበት እኛ ነን፤ ቦቱን ያወለቀው ግን እሱ ነው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" ለሚል አንባቢ የተማርኩትን ልንገረው። ሰም በሁለት ይከፈላል። የተፈጥሮው፣ ካርናውባ የሚባለው፣ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል የሚገኝ ነው። ከ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፤ እኛ ጧፍ የምናበራበት የንብ ሰም ግን ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ይቀልጣል። ስለዚህ አገራችን በአፍሪካ ቀዳሚ የማር አምራች ናትና ሰሙን ከቤቴ ላምጣ የምትሉ ካላችሁ፣ ለጧፉ አቆዩት። ካርናውባ ያማረ ድምቀት አለው፤ የሚቆየው ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ሦስት ወር ነው። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ሲላንት ይሉታል። ድምቀቱ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ለወራት ይቆያል። ለከተማችን ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጊዜ ሲላንት መቀባት ለአብዛኞቻችን ይበቃል። ሴራሚኩ ገንዘብና ጋራዥ ላለው፣ አጣጠቡንም ለሚያስተካክል ሰው ነው። አጣጠቡን ሳያስተካክል ሴራሚክ የሚያስቀባ ሰው ገንዘቡን ለጨርቁ ነው የሰጠው።

አቀባቡን ከፈለጋችሁ ከሊስትሮ ተማሩ። ጭቃ ላይ ቀለም የሚቀባ ሊስትሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ቀለሙን በስሱ ይቀባል፣ ከዚያ ያሻል። መኪናም እንዲሁ ነው። ካጠባችሁ በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ኮፈኑን ዳሰስ አድርጉት። ሻካራ ነገር ከተሰማችሁ ቀለሙ ገና አልጸዳም፤ እንደ ሊጥ የሚለመጥ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የማጽጃ ጭቃ አለ፣ በሳሙና ውሃ እያራሳችሁ በቀስታ አሂዱት። ከዚያ ጥላ ፈልጉ። ላሜራው መቀዝቀዝ አለበት፤ ፀሐይ ላይ የተቀባ ሰም ይደርቅና አልላቀቅም ይላል። በስሱ ቀቡ። ወፍራም ሰም የበለጠ አይጠብቅም፣ የበለጠ ያደክማል እንጂ። አንድ ክፍል ቀብታችሁ ጉም ሲመስል በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አንሱት፤ ጨርቁ መሬት ከወደቀ አትጠቀሙበት። ሲላንትና ሰም ሁለቱንም የሚቀባ ሰው ሲላንቱን ያስቀድም፤ ሲላንት የሚይዘው ንጹሕ ቀለም ላይ ነውና። አዲስ የተቀባ መኪና ላይ ግን አትቸኩሉ፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ቀጭን እስኪተንን ድረስ ቢያንስ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ንጹሕ መኪና ላይ ውሃ እንደ ዶቃ መንከባለሉን ትቶ ሲተኛ ካያችሁ ሰሙ አልቋል፤ ድገሙት። በቃ፣ ይኸው ነው። ምስጢር የለውም።

"ለቆርቆሮ ይህ ሁሉ ጣጣ!" የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ቆርቆሮ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ቆርቆሮው ምን ያህል እንደሚያወጣ እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለው መኪና አባት ለልጅ የሚያወርሰው ሆኗል። ላሜራው በዛገ ቁጥር የሚተካው በሌላ መኪና አይደለም፤ በሌላ ስቱኮ ነው። ሰም መቀባት እኛ ጋ ቅንጦት አይደለም፣ ቁጠባ ነው።

"እኔ መኪና የለኝም፤ ምን አገባኝ?" የሚለውም አይጠፋም። ለእሱ ያለኝ መልስ ያ ልጅ ነው። ጥፋቱን ከላይ ያለው ሠርቶት ዕዳውን ከታች ያለው የሚከፍልበት ቦታ ላቫጆ ብቻ ነው እንዴ? መሣሪያ ሳይሰጠው ውጤት የሚጠየቅ ስንት ሰው አለ? አስተማሪውን መጽሐፍ ሳንሰጠው ተማሪው ለምን ወደቀ እንለዋለን። ነርሷን ጓንት ሳንሰጣት ንጽሕና እንጠይቃታለን። በአንድ ባልዲ የሚያጥብ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ሲጭር ይባረራል፤ ባልዲውን ያልገዛው ወንበሩ ላይ ይቀራል።

ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ዕለት ልጁ ከወጣ በኋላ መኪናዬን በዚያው ባልዲ፣ በዚያው ጨርቅ አሳጠብኳት። ከፍዬም ወጣሁ። የእኔዋ ዲኤክስ የምትጫርበት ቦታ ስለሌላት አልጮህኩም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ሄጄ አንድ ሰማያዊ ባልዲ ገዛሁ። ነገ ይዤው ወደ ላቫጆው እሄዳለሁ። ባለቤቱን ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። አንደኛው ባልዲውን ንጹሕ ውሃ እንዲሞላልኝ ነው፤ ለውሃው የሚጨምረውን እከፍላለሁ። ሁለተኛው ልጁ የት እንደሚገኝ እንዲነግረኝ ነው። ያ ባለ ጥቁር መኪና ሰውዬ ይህን ካነበበ እሱም ይምጣ። የጎደለውን የልጁን የቀን ሒሳብ ይዞ ይምጣ።